ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የንግድ ሒሳባቸው

ስለ መንግሥትና ስለ ገንዘብ ጉዳይ አስተያየት የሚጽፉ ሰዎች በየዘመኑ አይጠፉም። ነጋዴ ግን ወረቱን በሌላ ሰው አስተያየት ተመርቶ የሚያውልበት ጊዜ ብዙ ስለ ሆነ፣ የሚያነበው ጽሑፍ ከምን ዓይነት ሰው እንደ መጣ መርምሮ ማወቅ ይገባዋል። ጸሐፊው ገበያን በሩቁ የሚመለከት ነውን? ወይስ ሚዛኑን፣ መጋዘኑንና የጉምሩኩን በር በዓይኑ ያየ? የጻፈውስ ሹመት ለማግኘት ነውን? ወይስ ሹመቱን የሚያሳጣውም ቢሆን እውነት የመሰለውን ለመናገር?

በአገራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን አንድ ሰው ቢፈለግ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስም ነው። እኒህ ሰው በ33 ዓመት ዕድሜያቸው ያረፉ ሲሆን፣ ለትውልድ የተዉት ሁለት ጽሑፎች ብቻ ነው። ነገር ግን ጽሑፎቹ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏቸው ዛሬም ይነበባሉ፤ በዩኒቨርሲቲም ይመረመራሉ። ሊቃውንቱ የሚያነቧቸው ለታሪካቸው ነው፤ አስመጪ፣ ላኪና ባለሱቅ ግን ለዕለት ሥራው የሚጠቅም አንድ የሒሳብ መንገድ ያገኝባቸዋል። ከዚህ ቀጥሎ የሕይወታቸው ታሪክና ይኸው የሒሳብ መንገድ በአጭሩ ይገለጻል።

ትውልድና ትምህርት

ገብረ ሕይወት የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. በዓድዋ አውራጃ ማይ ምሻም በተባለ ስፍራ ነው። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወታደር ስለ ነበሩ፣ ልጃቸው ገና ሕፃን ሳሉ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ወደቁ። ከዚህ በኋላ ሕፃኑ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ቆጠሩ።

ወደ ኤውሮጳ የሄዱበት ሁኔታ እንግዳ ነው። በምጽዋ ወደብ የቆመች መርከብ ለመጐብኘት ከገቡ በኋላ መርከቢቱ ስትነሣ እሳቸውም በውስጧ ቀሩ፤ በዚህም ምክንያት ኤውሮጳ ደርሰው በአንድ ኦስትሪያዊ ቤተሰብ ዘንድ አደጉ። ከዚያም በበርሊን የሕክምና ትምህርት ተከታተሉ። ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ በጀርመንኛ ቋንቋ ችሎታቸውና በትምህርታቸው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ለአገልግሎት ተፈለጉ፤ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1907 በደጃዝማች መሸሻ ወርቄ መሪነት ወደ ውጭ አገር ከተላከው የመንግሥት መልእክት ጋራም አብረው ሄዱ። ይሁን እንጂ የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም በጸና ጊዜ በቤተ መንግሥቱ የተነሣው የሥልጣን ፉክክር ለተማረ ወጣት የሚመች አልነበረም፤ ስለዚህ ከአገር ርቀው በሱዳን የተቀመጡበት ጊዜ ነበረ።

ከዚህ ታሪክ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ገብረ ሕይወት ኤውሮጳን ያዩት እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤተኛ ነው። ፋብሪካ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሠራተኛው በአንድ ቀን ምን ያህል ዕቃ እንደሚያወጣ፣ ልጁን የት እንደሚያስተምር ያውቁ ነበር። ወደ አገራቸው ሲመለሱም ሸማኔው በጉድጓዱ ተቀምጦ አንድ ጋቢ ለማውጣት ምን ያህል ቀን እንደሚፈጅበት ተመለከቱ። የጽሑፋቸው ሁሉ መነሻ የእነዚህ ሁለት ነገሮች ንጽጽር ነው።

የመጀመሪያው ጽሑፍ

የመጀመሪያ ሥራቸው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ሲሆን፣ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1912 በአሥመራ በስዊድን ሚሲዮን በኩል በታተመው «ብርሃን ይሁን» በተባለ መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። በዚህ ጽሑፍ ያለፉትን ነገሥታት አስተዳደር ከመረመሩ በኋላ፣ አልጋውን ይወርሱ ዘንድ ለታጩት ለልጅ ኢያሱ መንግሥት የሚበጀውን ምክር በተራ ዘረዘሩ።

ከምክሮቹ ብዙዎቹ ንግድን የሚነኩ ናቸው። የመንግሥት ገቢና የንጉሡ የግል ሀብት ተለይቶ ይታወቅ፤ ግብር በሹም ፈቃድ ሳይሆን ተወስኖ በታወቀ ልክ ይከፈል፤ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ገንዘብ ይዘዋወር፤ ሕግ ተጽፎ ይውጣ፤ ልጆች ይማሩ፤ ሰው በሃይማኖቱ አይገደድ አሉ። ለምሳሌ የሚጠቅሷት አገር ጃፓን ነበረች፤ እርሷ ከሌሎች ተምራ በጥቂት ዘመን ራሷን እንደ ቻለች ኢትዮጵያም ልትችል ትችላለች ብለው ያምኑ ነበር።

የዛሬ አንባቢ እነዚህን ምክሮች ሲያይ «ይህማ የታወቀ ነው» ሊል ይችላል። በዚያን ዘመን ግን የታወቀ አልነበረም። አንድ ሲራራ ነጋዴ ዕቃውን በአጋሰስ ጭኖ ሲጓዝ በየኬላው ቀረጥ ይጠየቅ ነበር፤ ምን ያህል እንደሚከፍልም አስቀድሞ ለማስላት አይችልም። ወጪውን አስቀድሞ ለማስላት የማይችል ነጋዴ ደግሞ ዋጋ ለመቍረጥም፣ ዱቤ ለመስጠትም አይችልም። ገብረ ሕይወት የተወሰነ ግብርና የተጻፈ ሕግ ሲሉ የጠየቁት ነጋዴው ከመነሣቱ በፊት ትርፉንና ኪሣራውን ለመገመት የሚችልበትን አስተዳደር ነው።

የነጋድራስነት ሥራ

ገብረ ሕይወት ጸሐፊ ብቻ ሆነው አልቀሩም። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ምድር ባቡር ተቈጣጣሪ ሆነው ሠሩ፤ ከዚያም የድሬ ዳዋ ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ። በዚሁ ሹመት ላይ እንዳሉም በ1911 ዓ.ም. አረፉ።

ነጋድራስ የሚለው ማዕርግ ቃሉ እንደሚያመለክተው የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። በጥንት ጊዜ የሲራራውን ጓዝ የሚመራው ሰው ይጠራበት ነበር፤ ኋላ ግን ቀረጥ የሚያስከፍል፣ ገበያ የሚያስጠብቅና በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር የሚዳኝ የመንግሥት ሹም ማዕርግ ሆነ። ድሬ ዳዋም ተራ ከተማ አልነበረችም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚያ ስለ ደረሰ የአገሪቱ ዋና የንግድ በር ሆናለች፤ በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ በገባ ጊዜም በበሩ የሚያልፈው ዕቃ በዛ። ቡናው፣ ቆዳውና ሰሙ በእርሷ በኩል ይወጣል፤ አቡጀዲው፣ ብረታ ብረቱና ልዩ ልዩ ሸቀጡ በእርሷ በኩል ይገባል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት ዘመን እንዲህ ያለ በር መያዝ ለብዙ ሰው የመክበሪያ ዕድል ነበር። ገብረ ሕይወት ግን የመንግሥት ገንዘብና የሹም ገንዘብ ይለይ ብለው አስቀድመው የጻፉ ሰው ነበሩ። ስለዚህ በዚያ በር ላይ የተቀመጡት በጻፉት ነገር የሚመዘኑበት ሥራ ይዘው ነው።

የሥራ ቀን ሒሳብ

ትልቁ ሥራቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። እሳቸው በሕይወት ሳሉ አልታተመም፤ ካረፉ ከ5 ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. በልዑል ራስ ተፈሪ መኰንን ፈቃድ በአዲስ አበባ ታተመ። መጽሐፉ ስለ ሀብት ምንጭ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ዕዳና ስለ መንግሥት ሥራ ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ሲሆን፣ የነገሩ ሁሉ መሠረት ይህ ነው፤ የሰው ሀብት የሚመነጨው ከሥራው ነው፤ ሥራውንም ፍሬያማ የሚያደርገው ዕውቀት ነው። ስለዚህ ዕውቀት ያለው ሕዝብ በትንሽ ድካም ብዙ ያገኛል፤ ዕውቀት የሌለው በብዙ ድካም ትንሽ ያገኛል። ሁለቱ በገበያ ሲገናኙ ምን ይሆናል?

ነገሩን በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል፤ ቍጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ብቻ የቀረቡ ናቸው። አንድ ገበሬ 20 ቀን ደክሞ ያገኘውን ቡና ለገበያ ያቀርባል እንበል። በምትኩ የሚያገኘውን አቡጀዲ የውጭ አገር ሠራተኛ በመኪና ታግዞ በ2 ቀን ሠርቶታል። ሚዛኑ ትክክል ነው፤ ዋጋውም ሁለቱ ወገኖች በፈቃዳቸው የተስማሙበት ነው፤ ደላላውም አላጭበረበረም። በነጋዴው መዝገብ ላይ ገቢና ወጪ እኩል ሆኖ ይታያል። በሥራ ቀን ሲቈጠር ግን ከአገር የወጣው 20፣ ወደ አገር የገባው 2 ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ያ የውጭ አገር ሠራተኛ የተረፈውን ቀን ለሌላ ሥራ ያውለዋል፤ መንግሥቱ ትምህርት ቤት ይሠራበታል፤ ባለ ፋብሪካው የተሻለ መኪና ያስገባበታል። በመጪው ዓመት ያንኑ አቡጀዲ በ1 ቀን ይሠራዋል። ገበሬው ግን የሚተርፈው ቀን ስለሌለው ልጁን ወደ ትምህርት ቤት መላክ ትቶ ወደ እርሻ ይወስደዋል፤ በመጪው ዓመትም ያው 20 ቀን ይደክማል። እንዲህ እየሆነ ርቀቱ በየዓመቱ ይሰፋል። የአገር ሸማኔውም በርካሽ አቡጀዲ ፊት መቆም አቅቶት ሥራውን ይተዋል። ገብረ ሕይወት የደረሱበት ፍርድ ከዚህ የመነጨ ነው፤ በንግድ ራሱን ያልቻለ ሕዝብ ባንዲራው ቢውለበለብም ነጻነቱ ሙሉ አይሆንም።

ንግድ ይቅር ግን አላሉም። መድኃኒቱ ዕውቀትን ማስገባት፣ ጦርነትንና ዘረፋን ማስቀረት፣ አንጥረኛውንና ሸማኔውን ከመናቅ መመለስ፣ የአገር ልጅ ጥሬ ዕቃውን ራሱ ሠርቶ እንዲያወጣ ማድረግ ነው አሉ።

ይህ ሐሳብ በሌላው ዓለም ስም አግኝቶ የታወቀው እሳቸው ካረፉ ከ30 ዓመት ያህል በኋላ ነው። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1950 የአርጀንቲናው ራውል ፕሬቢሽና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይሠሩ የነበሩት ሃንስ ሲንገር፣ ጥሬ ዕቃ የሚልኩ አገሮች ፋብሪካ ላላቸው አገሮች የሚሸጡበት ዋጋ ከሚገዙበት ዋጋ ጋራ ሲነጻጸር ከዘመን ወደ ዘመን እየቀነሰ እንደሚሄድ ጽፈው በየሸንጎው ብዙ ክርክር አስነሡ። ገብረ ሕይወት ወደዚሁ አቅጣጫ የሚያመራውን ነገር በአማርኛ አስቀድመው ጽፈውት ነበር።

የብር ዋጋና የቀረጥ ነገር

በዘመናቸው በአገሪቱ ዋናው መገበያያ የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። የዚህ ብር ዋጋ የሚወሰነው ኢትዮጵያ ውስጥ ሳይሆን ብር የተባለው ማዕድን በዓለም ገበያ በሚሸጥበት ዋጋ ነው። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክም ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋራ የተሳሰረ ነበር። ስለዚህ አስመጪው ዕቃውን ባዘዘበትና ገንዘቡን በከፈለበት ቀን መካከል የብሩ ዋጋ ከተለወጠ፣ ባላጠፋው ጥፋት ይከስራል ወይም ባልደከመበት ያተርፋል።

በቀረጥም በኩል እንዲሁ ነው። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋራ የተደረገው፣ በተፈራራሚው በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚታወቀው ውል፣ ኢትዮጵያ በሚገባ ዕቃ ላይ የምታስከፍለውን ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ ሌሎች መንግሥታትም በዚሁ ውል ተጠቀሙ። እንግዲህ የድሬ ዳዋው ነጋድራስ ቀረጥ ያስከፍላሉ እንጂ፣ የአገር ሸማኔን የሚያስጠጋ ቀረጥ ለመወሰን መንግሥታቸው እጁ የታሰረ ነበር። ስለ ገንዘብና ስለ ቀረጥ የጻፉት ከመጽሐፍ ያነበቡትን ብቻ አይደለም፤ የብሩን መዋዠቅና የውሉን ገደብ በየቀኑ በሥራቸው ያዩት ነበር።

ጉድለታቸው

ሰውን ማክበር ጉድለቱን መሸፈን አይደለም። ገብረ ሕይወት ስለ አንዳንድ የአገራችን ሕዝቦች የተናገሩት በዘመኑ ከነበረው አድልዎ ያልነጻ ነው፤ ዛሬ ማንም አስተዋይ ሰው አይቀበለውም። ሁለተኛም፣ የዕቃ ዋጋ በድካም ብቻ አይመዘንም። የገዢው ፍላጎት፣ የዕቃው ብርቅነትና የሻጩ ስም ዋጋን ያወጣሉ ያወርዳሉ። ሦስተኛም፣ መሻሻልን ሁሉ ከቤተ መንግሥት ይጠብቁ ነበር፤ ነጋዴዎች በማኅበር ተሰብስበው ራሳቸው የሚሠሩትን እምብዛም አላሰቡትም። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት እንኳ በሕግ የተቋቋመው እሳቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ በ1939 ዓ.ም. ነው።

ለሀዋሳ ነጋዴ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባረፉ ጊዜ ሀዋሳ ገና አልተቆረቆረችም ነበር፤ ከ40 ዓመት ያህል በኋላ በሐይቁ ዳር የተመሠረተች ከተማ ናት። ነገር ግን የዛሬ ንግዷ በእሳቸው ሒሳብ ሊመረመር የሚችል ነው።

አስቀድሞ ቡናውን እንመልከት። የሲዳማ ገበሬ እሸቱን ለቅሞ እንዳለ ሲሸጠውና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተለቅሞ በደረጃ ሲሸጥ ዋጋው አንድ አይደለም። በመካከሉ ያለው ልዩነት የዕውቀት ዋጋ ነው። ስሙም ዋጋ አለው። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት «ሲዳሞ»፣ «ይርጋጨፌ» እና «ሐረር» የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. ማመልከቻ አቅርቦ፣ ክርክር ከተነሣ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋራ ስምምነት ላይ ደርሷል። በዚህ ጊዜ የተጠየቀው ተጨማሪ ኬሻ ቡና አልነበረም፤ ቡናው ቀድሞም ያገኘውን መልካም ስም ባለቤቱ እንዲቈጣጠረው ነው።

ቀጥሎም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ገብረ ሕይወት ሲመኙት የኖሩትን የሚመስል ነገር ነው፤ የአገር ልጅ በመኪና እየሠራ ልብስ ወደ ውጭ ይልካል። ሆኖም በሒሳባቸው መሠረት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጨርቁ፣ ክሩና ቁልፉ ከውጭ የሚገባ እንደ ሆነ፣ ከልብሱ ዋጋ በአገር የሚቀረው በአብዛኛው የስፌቱ ደመወዝ ነው። ከሰሜኑ ጦርነት ጋራ በተያያዘ አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል ባስወጣች ጊዜም የፓርኩ ሥራ ክፉኛ ተጎዳ። ሌላ መንግሥት በከፈተው በር የሚወጣ ዕቃ፣ በሩ ሲዘጋ በመጋዘን ይቀራል። ስለዚህ ለሀዋሳ አቅራቢ ነጋዴ ትልቁ ዕድል ከውጭ ከሚገባው መካከል በአገር ሊሠራ የሚችለውን ለይቶ ማቅረብ ነው፤ ካርቶኑም፣ መለያ ወረቀቱም፣ ክሩም እንደ ሆነ።

በሦስተኛ ደረጃ የምንዛሪ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አድርጓል። ከዚህ በኋላ ላኪው ለአንድ ዶላር የሚቀበለው ብር ስለ በዛ ደስ ብሎታል፤ አስመጪው ደግሞ ለአንድ ዶላር የሚከፍለው ስለ በዛ አዝኗል። ባለሱቁም ትናንት በሸጠው ገንዘብ ዛሬ ያንኑ ዕቃ መልሶ መግዛት አቅቶት መደርደሪያው እየሳሳ ይሄዳል። በገብረ ሕይወት ሒሳብ ግን የብሩ ብዛት ብቻውን ትርፍን አያሳይም። ላኪው «በአንድ ኩንታል ቡናዬ ዋጋ አምና ስንት ሊትር ነዳጅ፣ ስንት ቆርቆሮ እገዛ ነበር፤ ዘንድሮስ ስንት እገዛለሁ?» ብሎ ይቍጠር። ባለሱቁም የሸጠውን ዕቃ ለመተካት የሚያስፈልገውን ዋጋ እንጂ የገዛበትን ዋጋ ብቻ ይዞ ትርፉን አያስላ። መዝገቡ በብር ትርፍ እያሳየ በዕቃ የሚከስር ነጋዴ፣ ሱቁ ባዶ ሲሆን ብቻ ነገሩ ይገባዋል።

አስተያየት ሰጪን ስለ መመዘን

ገብረ ሕይወት ካረፉበት ዘመን ጋራ የሚነጻጸር ሌላም ሰው አለ። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1919 እንግሊዛዊው ጆን ሜይናርድ ኬይንስ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን ላይ የተጣለው ካሣ የማይከፈልና ኤውሮጳን የሚጎዳ መሆኑን አይቶ ከመንግሥት ሥራው ለቀቀ፤ በዚያው ዓመትም ሐሳቡን በመጽሐፍ አወጣ። ሁለቱ ሰዎች በዕድልና በዝና እጅግ ይራራቃሉ። የሚገናኙበት ግን አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱም የመንግሥትን ሒሳብ ከውስጥ ያዩ ናቸው፤ ያዩትንም የሚያስቈጣ ሰው ይኖራል ብለው አልደበቁም።

ስለዚህ ነጋዴው ስለ ገበያና ስለ ገንዘብ የሚሰጠውን አስተያየት ሁሉ በሦስት ነገር ቢመዝነው አይሳሳትም። መጀመሪያ፣ ተናጋሪው የሚቈጥረው ምንድን ነው? ብርን ብቻ ነውን፣ ወይስ ዕቃንና የሥራ ቀንን? ሁለተኛ፣ የሚያየው ከየት ሆኖ ነው? ሦስተኛ፣ ምክሩ ቢፈጸም የሚጠቀመው ማን ነው? ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በሦስቱም ተመዝነው ያለፉ ናቸው። ጽሑፎቻቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እንደ ገና ታትመዋል፤ አማርኛቸውም ግልጽ ስለ ሆነ ነጋዴ ሱቁን ከዘጋ በኋላ በምሽት ሊያነባቸው ይችላል። ሲያነብም የዓመቱን ሒሳብ መዝገብ በአጠገቡ አድርጎ፣ በዓመቱ ከእጁ የወጣውንና ወደ እጁ የገባውን በብር ብቻ ሳይሆን በዕቃና በሥራ ቀን ጭምር ቢቈጥረው፣ ከመጽሐፉ የሚያገኘው ጥቅም እጥፍ ይሆናል።